በኦቶና ጓሮ ያለው እራት

አንባቢ ሆይ፤ ወላይታ ሶዶን አይቶ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ምን ሲያወራ ሰምተዋል? መቼም ስለ ቁርጡ፣ ስለ ቅቤው፣ ምላስ ላይ እሳት ስለሚያነደው ዳጣ ሳያነሣ አይቀርም። ቁርጡም ዳጣውም የተወራላቸውን ያህል ናቸውና አልከራከርም። ነገር ግን እንግዳው በሆቴል በረንዳ ተቀምጦ ሥጋውን ሲቆርጥ፣ ከአጥሩ ወዲያ ባለው ጓሮ ውስጥ የወላይታ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እራት እየተቀነጠሰ መሆኑን አያይም። እኔ ዛሬ የማጫውትዎ ስለዚያ ጓሮና ከዚያ ጓሮ ስለሚወጣው የሥራ ቀን እራት ነው።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ በስተ ደቡብ ባለው ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ተራራው ደግሞ ከበላይዋ ሆኖ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ደቡብ ቢመለከቱ የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ይታይዎታል። ኦቶና በዚህችው ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው፤ ስሙ በአገር የታወቀውም በሆስፒታሉ ነው። በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ የገቡት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን የሰፈሩት እዚሁ ኦቶና ሲሆን፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሕክምና ጀመሩበት። ዛሬ የኦቶና ሆስፒታል በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ሕዝቡን ያክማል፤ ወጣት ሐኪሞችንም ያሠለጥናል። ስለዚህ በኦቶና መንገድ ላይ ማታ ማታ የሚያዩት ሦስት ዓይነት ሰው ነው፤ ነጭ ካፖርቱን በክንዱ ያንጠለጠለ ተማሪ፣ በፌስታል ምግብ ይዞ ወደ በሽተኛው የሚጣደፍ አስታማሚ፣ እንዲሁም መሬት ላይ ጆንያ አንጥፋ ጎመን የምትሸጥ ሴት። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚስበኝ የመጨረሻዋ ናት።

ይህ ጎመን ከየት ይመጣል? ከከተማው ጥቂት ወጣ ብለው ወደ አንድ ገበሬ ቤት ቢገቡ መልሱን ያገኙታል። የወላይታ ገበሬ መሬቱን ሁለት ስም ሰጥቶ ይከፍለዋል። ለቤቱ የቀረበውን ዳርኮዋ፣ ራቅ ያለውን ሾቃ ይለዋል። የከብቱ ፍግና የምድጃው አመድ የሚደፋው በዳርኮዋው ላይ ስለሆነ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ የሚበቅለው እዚያ ነው። ሾቃው ግን እንደ በቆሎ ላለው አዝመራ ይተዋል። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ በመሆኑ ከጓሮው አንድ ክንድ እንኳ ጦሙን አያድርም። ጎመኑን በወላይትኛ ሳንታ ይሉታል። ተክሉን ነቅለው አይጨርሱትም፤ ከታች ያለውን ቅጠል እየቀነጠሱ ከላይ እንዲያቈጠቁጥ ይተዉታል። እንዲህ ሲሆን አንድ መደብ ጎመን አንድን ቤተ ሰብ ለወራት ይመግባል።

ይህን ስል ነገሩ ሁሉ ጥጋብ ነው ማለቴ አይደለም። ወላይታ በ1977 ዓ.ም. የተራበች አገር ናት፤ ከዚያም ወዲህ መሬቱ ለምልሞ እየታየ ሰው የሚራብበት ጊዜ ደጋግሞ ስለመጣ፣ የውጭ አገር ጸሐፊዎች «አረንጓዴው ረሃብ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ያለፈው ዓመት በቆሎ አልቆ ዐዲሱ እስኪደርስ ባሉት የበልግ ወራት፣ ጓሮው ለብዙ ቤት የመጨረሻው ጎተራ ነው። እንግዲህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ጎመን የድሃ ምግብ ነው» ብሎ ሲጸየፍ ስሰማ የሚከነክነኝ ስለዚህ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የአስተዳደርና የፖለቲካ ማዕከል ሆናለች። ስለዚህ ዐዳዲስ ሠራተኞች ከየአገሩ መጥተዋል። አብዛኞቹ እንደ እኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ አንዲት ክፍል ቤት የተከራዩ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ድስትና ሁለት ሣህን ያላቸው ናቸው። ከቢሮ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይወጣሉ፤ ደክሟቸዋል፤ ወጥ መሥራትም የግማሽ ቀን ሥራ ይመስላቸዋል። እናም ወደ ምግብ ቤት ሄደው በዱቤ ይበላሉ። የዱቤው ደብተር በወር መጨረሻ ሲቆጠር ደመወዙ ለኪራይ እንኳ አይተርፍም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ወር የሚጀመረው በብድር ነው። ይህ ነገር ስንቱን ጎበዝ ልጅ አንገቱን እንዳስደፋ እናንተው ታውቃላችሁ።

በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ሰዎች ለእንዲህ ያለው ምሽት መላ አላቸው። አስፓራገስ የሚባል አትክልት አለ፤ በጸደይ ከመሬት የሚወጣው ለጋ ቡቃያው ነው የሚበላው። ዘመዶቹ በእኛም አገር ቁጥቋጦ መካከል እሾሃቸውን አሹለው ይበቅላሉ፤ እነዚያን ግን ለድስት አላጫቸውም። ፈረንጆቹ ይህን ቡቃያ ለሥራ ቀን እራት የሚወዱት ከዐሥር ደቂቃ በታች ስለሚበስል ነው። ሕጉም ቀላል ነው፤ በተቈረጠበት ቀን ይበላ፣ ውሃ አይብዛበት፣ እሳት አይቈይበት፣ ጥቂት ቅባትና ሎሚ ይጨመርበት ይላሉ። ይህን ሳነብ ነገሩ ሁሉ ለኦቶናው ጎመን የተጻፈ መስሎ ታየኝ።

የአበሻ ጎመን ወደ ማበቡ ሲቃረብ ከመካከሉ ለጋ አገዳ ያወጣል። ሻጮቹ ይህን አገዳ ከቅጠሉ ጋር አስረው ይሸጡታል፤ ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥሎት ይሄዳል። እርስዎ አይጣሉት። ጥፍርዎን ሲጭኑበት በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ለጋ ነው። ቃጫ ያለውን የውጭ ልጣጭ ከታች ወደ ላይ ይላጡት፣ በጣት ልክ ይቍረጡት፣ ጨው ባለበት የፈላ ውሃ ውስጥ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ያህል ይተዉት። ካወጡት በኋላ በጥቂት ዘይት ነጭ ሽንኵርት አቁላልተው ከላዩ ያፍስሱበት፤ ሎሚ ይጭመቁበት። ከእንጀራም ከዳቦም ጋር ይሄዳል። ይህን ሠርቼ አንድ ቀን ለአከራዬ ባቀምሳቸው ሣህኑን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህንማ እኛ በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ ጥሬውን ልጠን ነበር የምንበላው፤ አሁን የፈረንጅ ምግብ ሆነ?» አሉኝ።

ቅጠሉንስ? ብዙዎቻችን እናታችን ስትሠራ ያየነው በብዙ ውሃ ቀቅላ፣ ውሃውን ጨምቃ ደፍታ ነው። ይህ አሠራር ለጠናና ለመረረ ጎመን ደግ ነው፤ ለለጋው ግን ብክነት ነው። ቫይታሚን ሲ የተባለው ነገር በውሃ የሚሟሟና በሙቀት የሚጠፋ ስለሆነ ከተደፋው ውሃ ጋር አብሮ ይሄዳል። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ይህን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ስለዚህ ጎመኑን በደንብ ያጥቡ፣ ጠቅልለው እንደ ትምባሆ በቀጭኑ ይክተፉት። ሽንኵርቱን በዘይት ያቁላሉ፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኵርት ይጨምሩ፤ ከዚያ ጎመኑን ከታጠበበት ጤዛ ጋር ይጨምሩና ድስቱን ይክደኑ። ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ይበስላል። ሲያወጡት ቃሪያ ሰንጥቀው ጣል ያድርጉበት። ጥቂት ቅቤ ቢያገኝ ደግሞ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በጎመን ውስጥ ያለው ለቫይታሚን ኤ መነሻ የሚሆነው ነገር ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። የዚህ ቫይታሚን ጕድለት ዳፍንትን ያመጣል። በሎሚውም አይሣቁ፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ብረት ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር ሲሆን ይበልጥ ይጠቅማል። ወዲያው ከእራቱ በላይ ሻይ ወይም ቡና ከጠጡበት ግን ያን ጥቅም ይቀንሱታል። በኦቶና ግን «ቡናውን አንድ ሰዓት አቈዩት» ብሎ የሚናገር ሰው ወዳጅ አያፈራም።

ከሁሉ የምወደው ግን ፖሶሴ ነው። በአርባ ምንጭ በኩል ፎሰሴ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ በኮንሶና በጊዶሌ ደግሞ የእርሱ ወንድም የሆነው ኩርኩፋ አለ። ወጥና እንጀራን በአንድ ድስት የሚሠራ ምግብ ስለሆነ አንድ ምድጃ ብቻ ላለው ሰው የተፈጠረ ነው። ጎመኑን ከትፈው በጨው ውሃ መቀቀል ይጀምራሉ። እስኪፈላ ድረስ የበቆሎ ዱቄት በጥቂት ውሃና ጨው ጠንከር አድርገው ያሻሉ፤ ሊጡን በእጅዎ እየቈነጠሩ እንደ ትንሽ ሎሚ ያድበለብላሉ። ከዚያ የተድበለበለውን በፈላው ጎመን ላይ ይደረድሩና ድስቱን ገጥመው ይተዉታል። ዱቄቱ በጎመኑ እንፋሎት ይበስላል፤ የጎመኑም ውሃ ወደ ሊጡ ይገባል እንጂ አይደፋም። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ሲሆን አንዱን ይክፈቱት፤ ውስጡ ጥሬ ዱቄት ካልሸተተ በስሏል። ሁሉንም በማንኪያ ፈርፈር አድርገው ከጎመኑ ጋር ያዋህዱና ቅቤ ካለ በቅቤ፣ ከሌለም በዘይት ያርሱታል። ድስቱ ምድጃ ላይ ሳለ የተማሪ ደብተር ማረም ይቻላል፤ እኔ ዐሥራ ሁለት ደብተር አርማለሁ።

አጠገቡ ዳጣ ካልቀረበ ግን ፖሶሴው ጐደሎ ነው። ዳጣ ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኵርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮረሪማ አንድ ላይ የሚፈጩበት ነው፤ መጠኑን እያንዳንዷ ሴት በራሷ ታውቀዋለች፤ አትነግርምም። የሚሻለው እሑድ ዕለት በቂ አዘጋጅቶ በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ መክደን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለሚበሉት ሁሉ ነፍስ ይዘራበታል።

ከአለኮ ሳላስተዋውቅዎ ባልፍ ቅር ይለኛል። በአማርኛ ሽፈራው ይባላል፤ ፈረንጆች ሞሪንጋ ይሉታል። ቆላ ወዳድ ዛፍ ስለሆነ በዳሞታ ግርጌ ከሚያገኙት ይልቅ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ በኩል ሲወርዱ በየደጁ ቆሞ ያዩታል። ድርቅ የሚችል ነውና ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እርሱ ቅጠል አያጣም። ዛሬ በአዲስ አበባ ሱቆች ዱቄቱ በሚያምር ዕቃ ታሽጎ እንደ መድኃኒት ይሸጣል፤ እዚህ ግን እራት ነው። ቅጠሉን ከዘንጉ እየመለጡ ይለቅማሉ፤ ዘንጉ አይበስልምና ይጣላል። ከጎመን ይልቅ ረዘም ያለ እሳት ይፈልጋል፤ መረር ማለቱም አይቀርም፤ ለዚህም ነው ብዙዎች ከበቆሎ ዱቄት ጋር በፖሶሴ መልክ የሚሠሩት። እኔ በበኩሌ ግማሽ አለኮ፣ ግማሽ ጎመን አድርጌ እቀላቅለዋለሁ።

ስለ ጎደሬ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልናገር። በገበያ ርካሽ ሆኖ ሲያዩት ይገዙታል፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን በጥሬው ወይም በግማሽ ብስል ጉሮሮን የሚያሳክክ ነገር አለው፤ ሲልጡትም እጅን ይበላል። ስለዚህ ከነልጣጩ ቀቅለው፣ ሹካ ያለ ትግል እስኪገባበት ድረስ ቈይተው፣ ከዚያ ይላጡት። ከዳጣ ጋር ሲሆን ከድንች ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። የእንሰቱን ሙቿና ባጭራ ግን ለመሥራት አይሞክሩ። እርሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ስለሆነ፣ በደግ ጎረቤት ቤት ተጋብዘው ይብሉት።

ኦቶናን ለማየት የመጡ እንደሆነ ታዲያ ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ በኩል ባለው መንገድ ይለፉ። ጎመን ሻጮቹን «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ይስጧቸው፤ ፊታቸው ይፈታል፤ ከእስሩም ላይ ምራቂ ሳያገኙ አይቀሩም። ቅጠሉ ጥርት ያለ፣ የተቈረጠበት ጫፍ ያልደረቀ ይምረጡ። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ግን የጠወለገ ስለሆነ፣ ዋጋው ቢቀንስም አይግዙት።