ካቢኔቱን ከመፋቃችሁ በፊት

እንግዳ ሲመጣ ቶሎ ብላችሁ የኪችኑን በር የምትዘጉ ሰዎች፣ ይህ ጽሑፍ የእናንተ ነው። እኔም እዘጋ ነበር።

ኦክላንድ ውስጥ ሬስቶራንት ከከፈትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የሬስቶራንቴ ኪችን ውስጥ ማንም ቢገባ አላፍርም፤ የጤና ተቆጣጣሪ ሳይደውል ስለሚመጣ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ መገኘት ነው። የቤቴ ኪችን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሲፈትጉ ውሎ ማታ ቤት ገብቶ ሌላ ምድጃ መፈተግ ማን ይችላል? ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1926 የተሠራ አሮጌ ቤት ነው። የላይኛው ካቢኔት ቀለሙ ቢጫ ይመስለኝ ነበር። ነጭ መሆኑን ያወቅሁት አንድ ቀን የተሰበረ እጀታ ስፈታ ነው፤ ከእጀታው ሥር የነበረው ክብ ቦታ ወተት መስሎ ቁጭ ብሏል።

ጥፋቱ የቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ዘይት ይገባል፣ በርበሬው ይገባል፣ ከዚያ ሰዓት ሙሉ ይንተከተካል። የሚያስነጥሰን እንፋሎት ዝም ብሎ በኖ አይጠፋም። ቅባቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኝ ይለጠፋል። አቧራ ያርፍበታል፣ በላዩ ደግሞ የሚቀጥለው እሑድ ዶሮ ወጥ ይመጣል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲደራረብ በጥፍር የሚፋቅ ነገር ይሆናል።

አዲስ ካቢኔት ስንት እንደሚፈጅ አንድ ሥራ ተቋራጭ ጠርተን ጠየቅን። 22,000 ዶላር አለን። ባለቤቴ በትሕትና አመስግኖ ሸኘውና በሩን ከዘጋ በኋላ ነው የሳቀው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ በሮቹም አልተጣመሙም፤ ታዲያ ለምን ራሳችን አንቀባውም? ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል ብለን በነሐሴ ጀመርን።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለው የቴመስካል ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን መሣሪያም ያውሳል። በላይብረሪ ካርዳችሁ ድሪል፣ መሰላል፣ የእንጨት መፋቂያ ማሽን በነጻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። በዚያ ጎዳና ስንት ዓመት ስመላለስ ኖሬ ይህን የነገረኝ ደንበኛዬ ነው። ባለቤቴም ሄዶ የመፋቂያ ማሽን ተዋሰ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ባለቤቴ መጀመሪያ የጓዳውን አሮጌ ቁም ሳጥን በር ነቅሎ እዚያው ኪችን ውስጥ መፋቅ ጀመረ። የልጄ ልጅ ያኔ ዓመት ከስድስት ወሯ ነው፤ እናትዋ ሥራ ስትሄድ እኛ ጋ ነው የምትውለው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በድስት ክዳን ትጫወታለች። ብናኙ ፀጉሯ ላይ አርፎ ዱቄት የተነፋባት መስላ ነበር። ክዳኑን ትልሰዋለች፣ ትስቃለች። እኛም ሳቅን፣ ፎቶም አነሳኋት። ፎቶው ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ቀለም ልገዛ ሄድኩ። ቀለም ቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ሽማግሌ ምን እንደምቀባ ከጠየቁኝ በኋላ፣ “ቤቱ መቼ ነው የተሠራው?” አሉኝ። “በ1926” አልኳቸው። ሰውዬው ከባንኮኒው ወጥተው አጠገቤ መጡ። “ፍቃችሁታል?” አሉኝ። “አንድ በር ብቻ” ስላቸው ሁለተኛው ጥያቄያቸው፣ “ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?” የሚል ነበር። መልስ አልሰጠኋቸውም። ቀለሙንም ሳልገዛ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ “ቀለሙ እርሳስ ይኖረዋል አሉኝ” ስለው ባለቤቴ፣ “የምን እርሳስ? የልጆቹ?” አለኝ። አትፍረዱበት። በቋንቋችን መጻፊያውም እርሳስ፣ መርዛማው ብረትም እርሳስ ነው። (መጻፊያው ውስጥ ያለው እንኳ እርሳስ ሳይሆን ግራፋይት ነው፤ ልጆቻችሁ ቢነክሱት በዚህ አትደንግጡ።) ድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ይጨመር የነበረው ቀለሙ እንዲጠነክርና እርጥበት እንዲችል ነው። ስለዚህም በብዛት የሚገኘው ሁልጊዜ በሚነካና በሚታጠብ ቦታ ነው፤ ኪችን፣ መታጠቢያ ቤት፣ በርና መስኮት ላይ። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ቀለም የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ፣ ተመርምሮ የለም እስኪባል ድረስ አለ ብላችሁ አስቡ።

ቀለሙ ሳይላጥና ሳይነካ ከተቀመጠ ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ሲፋቅ፣ ሲላጥ፣ መሳቢያው ከጠርዙ ጋር ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ ነው። ሕፃን ወለል ላይ ይድሃል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እርሳስ የሚያድግ አእምሮን ይጎዳል፤ ትምህርት የመቀበል አቅምን፣ ትኩረትን፣ ጠባይን። ለልጅ ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳውም የሚባል መጠን አልተገኘም። ደግሞም ልጁን ስታዩት ምንም አይመስልም። ይበላል፣ ይጫወታል። የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው።

ልጄ ስትሰማ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “እማዬ፣ ነገ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ” ብላ ልጅቷን አቅፋ ሄደች። ለአባቷ ሁለት ቀን አልደወለችለትም። እኛ ኪችኑን ዘግተን፣ ወለሉንና ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመን ጠረግን። በመጥረጊያ አልነካነውም፤ መጥረጊያ ብናኙን መልሶ ያነሳዋል። ተራው የቤት ቫኪዩምም እንደዚያው ነው፤ ሄፓ የሚባል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን መጣ፤ 2.1። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲ.ዲ.ሲ. የሚሉት፣ ልጁ ክትትል ያስፈልገዋል የሚለው ከ3.5 ጀምሮ ነው። ሐኪሟ ግን “ዜሮ አይደለምና በሦስት ወር መልሳችሁ አምጧት” አለች። በሦስት ወሩ ቀንሶ ነበር። እነዚያን ሦስት ወራት እንዴት እንዳሳለፍናቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሜዲካል ያላቸው ልጆች በ12 እና በ24 ወራቸው ለእርሳስ መመርመር አለባቸው። ሐኪሙ ረስቶት ከሆነ እናንተ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ነው ማድረግ የነበረብንን በወጉ ያደረግነው። ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ቅርፊት ወስደን ላብራቶሪ ሰጠን። የጓዳው ቁም ሳጥን እርሳስ አለው ተባለ። ትልቁ ካቢኔት ግን የለውም፤ ለካ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች በኋላ ያስገቡት ኖሯል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። ጓዳውን ለባለሙያ ሰጠን፣ ሌላውን እኛ ያዝነው። ባለሙያ ስል የምስክር ወረቀት ያለውን ነው። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ በክፍያ ቀለም የሚፍቅ ሰው እርሳስን በጥንቃቄ ለመሥራት ሠልጥኖ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ የፌዴራል ሕግ ነው። ሰውዬው በሩን በላስቲክ ጋርዶ፣ እያረጠበ ነው የሠራው። ያ 22,000 ዶላር ያለን ተቋራጭ ቤቱ መቼ እንደተሠራ እንኳ አልጠየቀንም ነበር።

ታናሽ እህቴ ሳን ሆዜ ናት። ይህን ሁሉ ሳወራላት ኮሌጅ የምትማረው ልጇ፣ “አክስቴ፣ ይሄ ጉዳይ እኮ እዚሁ ፍርድ ቤት ታይቷል” አለችኝ። ፈልጌ አነበብኩ። የሳንታ ክላራ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀለም አምራቾችን ከሰሰ። ኦክላንድን፣ አላሜዳ ካውንቲንና ሳን ፍራንሲስኮን ጨምሮ ዐሥር ከተሞችና ካውንቲዎች በአንድነት ተከራከሩ። ችሎቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ሆዜ ተሰማ፤ ዳኛው ሦስት ኩባንያዎች 1.15 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፈረዱ። በይግባኝ ጉዳዩ ከ1951 በፊት በተሠሩ ቤቶች ላይ ተወሰነ። በመጨረሻ በ2019 በ305 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ሃያ ዓመት የፈጀ ክርክር ማለት ነው፤ እኛ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልሰማንም። ወሬው በቋንቋችን አልደረሰንማ። አላሜዳ ካውንቲ ውስጥ ያላችሁ ሄልዚ ሆምስ የሚባለው የካውንቲው መሥሪያ ቤት ሥራው ይኸው ነው፤ ሳንታ ክላራም ልጆችን ከእርሳስ የሚጠብቅ ፕሮግራም አለው። ደውሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ።

አሁን ወደ ቀለሙ። በሮቹን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፤ ብሎኖቹን ከቁጥሩ ጋር በትንሽ ፌስታል አስቀምጡ። እኛ “እናስታውሰዋለን” ብለን ግማሽ ቀን በር ስናመሳስል ውለናል። ከዚያ እጠቡ። ከመቀባቱ ማጠቡ ነው ትልቁ ሥራ። መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በዕቃ ሳሙና፣ ቀጥሎ ቲ.ኤስ.ፒ. በሚባለው ማጽጃ ጓንት አድርጋችሁ፣ ከዚያ በንጹህ ውኃ። ሬስቶራንት የምንጠቀምበትን የምድጃ ማጽጃ ቤት ወስጄ ልሞክር ብዬ ነበር፤ እሱ ለብረት ነው፣ እንጨቱን ይበላዋል። ታጥቦ ሲደርቅ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉበት። ጠብታው ተሰብስቦ ከተንከባለለ ቅባቱ ገና አልወጣም፣ መልሳችሁ እጠቡ።

እርሳስ እንደሌለው በምርመራ የታወቀውን በር በቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሹት፤ የቀድሞው አንጸባራቂነት እስኪደበዝዝ ብቻ። የተቦረቦረውን በስቱኮ ሙሉ። እርድና በርበሬ የጠጣ እንጨት ስንት ጊዜ ቢቀባ ቢጫው እየዘለቀ ይወጣል፤ የሚያስቆመው ሼላክ ያለው ፕራይመር ነው። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን ዘመድ ቤት ላኩ። እህቴ ፕራይመሩን ትርፍ ወጪ ነው ብላ ዘለለችው። የእሷ ቤት በ1991 የተሠራ ነው፣ እርሳስ አያሰጋውም፤ ካቢኔቱ ግን ሜላሚን የለበሰ ቺፑድ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ ተገፎ ወጣ። ለእንደዚያ ዓይነቱ በልስላሴ ላይ የሚይዝ ፕራይመር አለ።

ቀለሙ በውኃ የሚሠራ ኢናሜል ይሁን፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ። የማያብረቀርቀው ቅባት ይጠጣል። ሁለት ዙር በስሱ ቀቡ፣ በመካከል አንድ ሌሊት አሳድሩት። ሲነኩት ደርቆ ቢገኝም ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው በወር ገደማ ነው፤ እስከዚያ ፈትጋችሁ አትጠቡት። እኔ የታችኛውን የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ የላይኛውን የቅቤ ቀለም አደረግሁት። ልጄ ነጭ ይሻላል ብላ ነበር። እሷ ቁሌት አትሠራማ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነው የደረስኩበት። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ከላይኛው ካቢኔት ሥር አታስቀምጡት። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ የበሩን የታች ጠርዝ ይመታዋል፤ አርባ እንጀራ ማለት አርባ ጊዜ ነው። አዲሱ ቀለም መጀመሪያ የተላጠው እዚያ ጋ ነው። አሁን ምጣዱን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ።

ወጪው ይኸውላችሁ። ፕራይመር 70፣ ቀለም 150፣ ማጽጃና ብሩሽና ሮለር 65፣ አዲስ እጀታዎች 78፣ ላብራቶሪ 60። ለጓዳው ባለሙያ 1,450። በድምሩ 1,873 ዶላር። የተረፈውን ቀለም ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፤ ብዙ ቀለም ቤቶች በነጻ ይቀበላሉ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ሳታስፈቅዱ እንዳትጀምሩ። ቀለሙ እየተላጠ ከሆነ ደግሞ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውን ለራሳችሁ ያዙ።

እንቁጣጣሽ አልደረሰም፤ የጨረስነው ለመስቀል ማግስት ነው። ባለቤቴ የፋቀው ያ የጓዳ በር ግን ተመልሶ አልተሰቀለም። ባለሙያው ከሌላው ጋር ጠቅልሎ ወሰደው፣ እኛም አዲስ አላሠራንም። መደርደሪያው ክፍት ነው። ሽሮውና በርበሬው በጠርሙስ ተደርድሮ ይታያል፤ የታችኛውን ልጅቷ የድስት ክዳኖቿ ማስቀመጫ አድርጋዋለች።