የ1970ው በረዶ

ኤድመንተን የሚኖር ሐበሻ ሆኪ ባይገባውም ዌይን ግሬትስኪን አያጣውም። ሐውልቱ መሀል ከተማ ቆሟል፤ በስሙ የተሰየመውን መንገድም ታክሲ የሚነዳው ሁሉ ይመላለስበታል። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን ይህ ሁሉ ብዙም አይደንቃቸውም ነበር። እሳቸው የሚያወሩት ኤድመንተን ከመምጣቱ በፊት ስለነበረው ግሬትስኪ ነው፤ ገና 16 ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ማሊያው የሚሰፋው ልጅ።

ሰውየው ያደጉት ሱ ሴንት ማሪ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ አሜሪካ ድንበር ላይ ያለች፣ እንጀራዋ የብረት ፋብሪካ የሆነ ከተማ ነች። ግሬይሀውንድስ የሚባለው የታዳጊዎች ቡድኗ ሁልጊዜ መንገደኛ ነበር። ቶሮንቶ 700፣ ቅርብ የሚባለው ሰድበሪ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ልጆቹ የሚያድሩት በሰው ቤት ነው፤ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። የግሬትስኪ አባት ርቀቱን አይተው ክለቡ ልጃቸውን እንዳይመርጠው አስቀድመው አስታውቀው ነበር። ክለቡ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ክለቦች ታዳጊዎችን በየተራ በሚወስዱበት ምርጫ ሦስተኛው ተራ ሲደርሰው ወሰደው። አባትየው በኋላ እሺ ያሉት ልጁን የሚያሳድርላቸው የሚያውቁት ቤተሰብ እዚያ ስላገኙ ነው።

የልጁ ጀግና ጎርዲ ሃው ነበር፣ ባለ 9 ቁጥሩ። በቡድኑ ውስጥ ግን 9 ባለቤት ነበረው። 19ንም 14ንም ሞካከረ፤ አልሆነለትም። 99ን ያመጡት አሠልጣኙ ሙዝ ማክፈርሰን ናቸው። ያን ጊዜ የዚያችው ከተማ ልጅ ፊል ኤስፖዚቶ ኒው ዮርክ ውስጥ 77 ለብሶ ይጫወት ነበርና ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አልነበረም። ሆኖም በየሄደበት የተጋጣሚ ደጋፊ ሲሳለቅበት ያመሽ እንደነበር ሽማግሌው እያስታወሱ ይስቃሉ።

ገና ጨዋታን በረዶ ላይ አድርጎ ለሚያስበው ሰው ሆኪ ሩቅ አይደለም፤ ዱላ አለ፣ ግርግር አለ። የሚመታው ግን ኳስ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው። ልጁ ግርግሩ ውስጥ አይገባም። ከጎሉ ጀርባ ይቆማል፤ ተከላካዩ በግራ ሲመጣበት በቀኝ ይወጣና ማንም ያላየውን ጓደኛውን አይቶ ያቀብላል። ይህን ሲያሳዩኝ የቡና ኩባያቸው ጎል ነበር፣ ጣታቸው ደግሞ ልጁ። በ64 ጨዋታ 70 አግብቶ 112 አመቻቸ፤ 182 ነጥብ ማለት ነው። ይህም ሆኖ አንደኛ አልወጣም! የኦታዋው ቦቢ ስሚዝ 192 ነጥብ ሰበሰበ። የግሬትስኪን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ይህችን ዘለው ሲያልፉ ያናድደኛል። ቡድኑም ዋንጫ አላነሳም።

በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ 1970 ነው። ቀይ ሽብር፣ ካራማራ። አዲስ አበባ ውስጥ የዚያ ዕድሜ ልጅ አምሽቶ ሲቀር እናቱ የምትጨነቀው በሌላ ነገር ነበር። ይህን አንድ ቀን ለሽማግሌው ብነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ «እኛኮ የምንጣላው ስለ ጎል ነበር» አሉኝ።

በሰኔ ልጁ በ17 ዓመቱ ለኢንዲያናፖሊስ ፈርሞ ሄደ። ሱ ሴንት ማሪ ያገኘችው ያንኑ አንድ የውድድር ዘመን ነው። በጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1949 የተከፈተው የሆኪ አዳራሽም በ2006 ፈረሰ። 99ን ደግሞ ዛሬ በትልቁ ሊግ ውስጥ የትኛውም ተጫዋች አይለብሰውም። የሽማግሌው ቅሬታ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ስለ 99 ብቻ ነው፣ 9ን ስለለበሰው ልጅ የሚጠይቅ የለም። ብሪያን ጓላዚ ይባላል። እሱ ቁጥሩን ቢለቅለት ኖሮ፣ ይላሉ፣ እናንተ ኤድመንተኖች ሐውልቱ ላይ የምትጽፉት ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር።