የፊደል ጉድለት

በእኛ ግቢ ሰሞኑን ጠብ አለ። የወሰን ጠብ አይደለም፤ የውርስም አይደለም፤ የቋንቋ ነው። ፈላና በር አጠገብ ለሚኖር ሰው በቋንቋ መጣላት እንግዳ ነገር ነው። በሩ ራሱ ከአንድ በላይ ስም አለው፤ ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል፤ እኛ ፈላና በር እንለዋለን፤ ሁላችንም ወደ ጀጎል የምንገባው ግን በዚያው በአንዱ በር ነው። ከበሩ ሥር ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የምትሸጠው ሴት ከአንዱ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፣ ሌላይቱን ባለቤቶቹ ጌይ ሲናን፣ የከተማው ቋንቋ፣ በሚሉት በሐረሪ መርቃ፣ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «አይቀንስም!» ስትል ምላሷ አይደናቀፍም። ከቋንቋዎቹ የትኛው ይበልጣል ብሎ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም። እርሷ የምታየው ገዢው አፉን የፈታው በየትኛው እንደ ሆነ ነው።

የእኛ ግቢ ጠብ ግን ማንም አፉን በማይፈታባቸው ቋንቋዎች ነው። ታናሽ ወንድሜ «ፒኤችፒ» ይላል። የጎረቤታችን ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት፣ «ጃቫስክሪፕት» ትላለች፤ ስትናደድ ደግሞ ፓይተንን ትጨምራለች። ድረ ገጽ የሚሠራባቸው የኮምፒውተር ቋንቋዎች ናቸው። እኔ ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝና ጠቡ ባልነካኝ ነበር። ነገር ግን እሳቱ የተጫረው በእኔ 11 ግጥሞች ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ወንድሜ ፒኤችፒን የተማረው ከሌሎች አማርጦ አይደለም። ያኔ እጁ የገባው መጽሐፍ የፒኤችፒ ነበር፤ ያውም ፎቶ ኮፒ፣ የመጨረሻ ምዕራፉ የጎደለ። በርካሽ የሚከራየው ሰርቨር የሚቀበለው እርሱን ነበር። ሲቸግረው የሚጠይቀው ጓደኛም የሚያውቀው እርሱኑ ነበር። ቋንቋው ራሱ የተወለደው እንዲሁ በትንሽ ጉዳይ ነው። ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ያደረገው፣ የግል ገጹን ማን እንደ ጎበኘው ለማወቅ ለራሱ ከሠራት መሣሪያ ተነሥቶ ነው። በዚያው ዓመት ብሬንደን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀን ጻፈው። አሥር ቀን! እኔ በአንዲት ስንኝ ላይ አሥር ቀን የቆየሁበት ጊዜ አለ … ሁለቱም በጥድፊያ ተወልደው ዓለምን ሞሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር በፒኤችፒ ነበር፤ ውክፔዲያን የተሸከመው ሶፍትዌር የተጻፈው በፒኤችፒ ነውና የአማርኛውም ውክፔዲያ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ወንድሜ ይህን ሲናገር የአያቱን ጀግንነት የሚተርክ ይመስላል።

«አቦ፣ በእሱ ዛሬ ማን ይቀጥርሃል!» ትለዋለች ልጅቱ።

ሁለቱም ቁጥር ያወጣሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ደብሊውስሪቴክስ የተባለው ቆጣሪ፣ የሰርቨር ቋንቋቸው ከታወቀ ድረ ገጾች ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፒኤችፒን እንደሚጠቀሙ ይናገራል። ፕሮግራመሮችን በምን እንደሚጽፉ በየዓመቱ የሚጠይቀው ስታክ ኦቨርፍሎው ደግሞ ለብዙ ዓመታት ጃቫስክሪፕትን ከፊት አስቀምጧል። ታዮቢ የሚባለው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ፓይተንን አነገሠ። በእኔ ሙያ ሁለት ሰዎች አንዱን ካዝና ቆጥረው ልዩ ልዩ ድምር ቢያመጡ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምኑን ነው የቆጠራችሁት?» ተብሎ ነው። አንዱ ቆጣሪ የቆሙትን ቤቶች ይቆጥራል፤ ሌላው ዛሬ መዶሻ የያዙትን ሰዎች።

ወንድሜን የሚያመው ግን ቁጥሩ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ነበር። የሚያውቀውን ቋንቋ ጠየቁት፤ ነገራቸው። «ሌላስ?» አሉት። የአሥር ዓመት ሥራው በዚያች በአንዲት ቃል አለቀ። ሲመለስ ለእናታችን ብርቱካን ይዞላት መጣ፤ ስለ ፈተናው ግን ምንም አልተናገረም። ልጅቱ በአንጻሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተመዝግባ፣ በእጅ ስልኳ እየተማረች ነው ያደገችው። በወጣትነቷ ትጨክናለች እንጂ ክፉ ልጅ አይደለችም።

እንግዲህ ወደ ግጥሞቹ። ወንድሜ በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ድረ ገጽ የሠራው ለእኔ ነው፤ ከጊዜ በኋላ 43 ግጥሞች ተጠራቀሙበት። ባለፈው ክረምት ገጹን ወደ ሌላ ሰርቨር ሲያዛውረው አንዲት መስመር ረሳ፤ ፊደሉ የምን ፊደል እንደ ሆነ ለዳታቤዙ የምትነግረዋን። ዳታቤዙም ጽሑፉን የላቲን አድርጎ ወሰደና ያላወቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተካው። በሳምንቱ ስናይ የአሮጌው ሰርቨር ኪራይ አልቆ ተዘግቷል፤ ወንድሜ ያስቀመጠው ቅጂም ያው በጥያቄ ምልክት የተሞላው ነው። 32ቱ በደብተሬ ነበሩ። 11ዱ የነበሩት እዚያ ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዱ በ2009 ዓ.ም. የአባታችን አርባ በወጣ ማግስት የጻፍሁት ነው። ወንድሜ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ሦስት ቀን ምሳ አልበላም።

ብልሃቱን ያመጣችው ልጅቱ ናት። ጥያቄ ምልክቶቹን ስታይ ቆይታ «ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ አለ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዳታቤዙ እያንዳንዱን ፊደል የተካው በአንድ የጥያቄ ምልክት ነው፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታና የመስመሩ ስብራት እንዳሉ ናቸው፤ አራት ነጥቡም የጥያቄ ምልክት ሆኖ በየቦታው ቆሟል። የግጥሙ ሥጋ ጠፍቶ አጽሙ ቀርቷል፤ አምስት ፊደል፣ ክፍት፣ ሦስት ፊደል፣ ክፍት … የማስታውሰውን ስንኝ ብጽፍ ከአጽሙ ጋር ይገጥም እንደ ሆነ ማሽኑ ሊነግረኝ ይችላል።

ወንድሜ ፕሮግራሙን በዚያችው ሌሊት ጻፈው፤ በፒኤችፒ። ለሙከራ «ሰላም» ብለን ሰጠነው። «9» አለ። ልጅቱ ሳቋ አመለጣት፤ የራሷን ከፈተችና «3» አስባለችው። ምክንያቱን ኋላ አስረዱኝ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በተለመደው አቀማመጥ አንዱ ፊደል በማሽኑ ሆድ ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። የፒኤችፒ ተራ መቁጠሪያ ባይቱን ነው የሚቆጥረው፤ ጃቫስክሪፕት ፊደሉን ይቆጥራል። ፒኤችፒ ይህን ከሥሩ ሊያርም ስድስተኛ እትም ጀምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራው ተተወ፤ ስድስት ቁጥር ተዘለለና በ2015 ሰባተኛው ወጣ። ፓይተንም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስተኛው እትም እስኪወጣ ድረስ ተራውን ጽሑፍ በባይት ነበር የሚቆጥረው፤ ለውጡም አሮጌውን ኮድ የሚሰብር ስለ ነበረ ሁለተኛው እትም እስከ 2020 መግቢያ በጎኑ ቆየ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየና ከትእዛዙ ፊት ሁለት ፊደላት ጨመረ። «3» አለ ማሽኑ።

«ይኸው! ያውቃል!»

«ሲነግሩት ነዋ!» አለችው።

እኔ ግን በሁለቱም አልረካሁም። «ሰላም» በጆሮዬ ሁለት ነው፤ ሰ፣ ላም። ሳድሱ ም ከፊተኛው ተጣብቆ ይወጣል። የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም እየተቆጠረ ይቆረጣል፤ ቀለሙን የሚቆጥረው ግን ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ይሰማል፤ አንዳንዴ ይዋጣል፤ መጥበቅና መላላትም በፊደላችን አይጻፍም። እንግዲህ አንዲት ቃል ለአንዱ ዘጠኝ፣ ለሌላው ሦስት፣ ለእኔ ሁለት ሆነች። ተስማማን፤ ማሽኑ ፊደሉን ይቆጥራል፤ እኔ ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ቀለሙን እቆጥራለሁ።

በዚያው ሰሞን ልጅቱ ኢንተርኔት ስታስስ አንድ ነገር አገኘች፤ ዳንኤል ያዕቆብ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የጻፈው፣ ካዕቡን ወይም ሳድሱን ለይተህ ፈልግ ቢሉት የሚፈልግ መሣሪያ። የተጻፈው በፐርል ነው። ፐርል ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው፣ በ1990ዎቹ የድረ ገጽ ሥራ ያለ እርሱ የማይታሰብ የነበረ ቋንቋ ነው፤ ልጅቱ ስሙን የሰማችው ያን ቀን ነበር። ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ብሎ የሚቆጥር አንድ ብናገኝ እርሱም ከገበያ የወጣ ሆነ! ወንድሜ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከአዲስ አበባ ከተመለሰ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በሁለት ወር ውስጥ ስምንቱ ግጥሞች ተመለሱ። ከማሽኑ ጋር የተጣላሁበት ጊዜ ብዙ ነው። እርግጠኛ ሆኜ የምምልበትን ስንኝ እጽፋለሁ፤ እርሱ ሁለት ፊደል ይተርፋል ይለኛል። ትርፍም በባንክ ቤት እንደ ጉድለት ያስጠይቃል። ያኔ ያላልሁትን ዛሬ እያሳመርሁ «አስታወስሁ» እንደምል ያወቅሁት እንዲህ ነው፤ በማግስቱ ጎርባጣው፣ እውነተኛው ስንኝ ይመጣና ይገጥማል። ሁለቱን ግጥሞች ተውኋቸው፤ ቢጠፉ የሚያስቆጩ አልነበሩም።

የቀረው የአባታችን ነው። ከ14 መስመሮቹ 13ቱ ገጥመዋል። በመጨረሻው መስመር መካከል ግን ሦስት የጥያቄ ምልክቶች አሉ። እኔ «ተስፋ» ነው እላለሁ። ወንድሜ «እንባ» ነው ይላል፤ በጻፍሁት ማታ አንብቤለት እንደ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ እንደ ነበርን ሳይቀር ያስታውሳል። ሁለቱም ሦስት ፊደል ናቸው፤ ሁለቱም በጆሮ ሁለት ቀለም። ፒኤችፒ ሁለቱንም አሳለፈ፤ ጃቫስክሪፕትም አሳለፈ። ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

ገጹ ባለፈው ሳምንት ተመልሶ ተከፍቷል። ግጥሞቹን ከሰርቨሩ የሚያወጣው የወንድሜ ፒኤችፒ ነው፤ በአንባቢው ስልክ ላይ የሚያገላብጠው የልጅቱ ጃቫስክሪፕት። የገጹን መልክ የሚያስተካክለው ሲኤስኤስ የግእዝ አኃዝ እንደሚያውቅ ደርሳበት ተራ ቁጥሩን ፩፣ ፪፣ ፫ አድርጋልኛለች። ወንድሜ ሰሞኑን ማታ ማታ፣ እርሷ ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ፓይተን ይማራል፤ አላየሁም ብያለሁ።

የአባታችንን ግጥም ሦስቱን የጥያቄ ምልክቶች እንደ ያዘ አወጣሁት። ውድ አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ያን ገጽ የጎበኘና ግጥሙን በደብተሩ የገለበጠ ሰው ካለ፣ በእግዚአብሔር፣ ሦስቱ ፊደላት እነማን እንደ ነበሩ ይንገረን።

ሐረር፣ ፈላና በር