የሚንቀጠቀጥ እጅ

እርጅና ብቻዋን አትመጣም ይባላል። እኔ ቤት ስትገባ ኀፍረትን አስከትላ መጣች።

ልጆቼ ሆይ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በእግር የሚረገጥ ኦርጋን መጫወት ተምሬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ በአቃቂ የሰፈራችንን ልጆች ቤቴ ሰብስቤ በትንሽ ኪቦርድ አስተምር ነበር። ካቻምና ግን ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን በልጆቹ ፊት ቀላል ዜማ ሳትሁ፤ አንዱ ሳቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ በር ስታንኳኳ «አሞኛል» ብዬ መለስኋት። ሕመም አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ውሸት ነውር ነው እያልሁ ያስተማርሁ ሰው ለክብሬ ስል ልጅ ዋሸሁ።

በዚያው ሰሞን ልጄ የአቶ ግርማ በየነን አልበም አሰማኝ። አቶ ግርማ ፒያኖ ከመጫወትና ከመዝፈን አልፈው፣ በልጅነታችን የሰማናቸውን ብዙ ዘፈኖች ጃዝን ከአገራችን ቅኝት ጋር እያዋሐዱ ያቀናበሩ ሰው ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ ሙዚቃውንም ትተው በነዳጅ ማደያ ሠሩ። ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ተጫወቱ፤ አልበሙም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ወጣ። ርእሱ በአማርኛ «ሆን ተብሎ የተሠራ ስሕተት» እንደ ማለት ነው። ድምፃቸው የወጣትነቱ አይደለም፤ ነገር ግን አልደበቁትም። እኔም እያዳመጥሁ በራሴ አፈርሁ።

እርግጥ ነው፣ የደከመ እጅ ሁሉ አይመለስም። ዝነኛው አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ኪት ጃሬት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸው ሰነፈ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከሕመም የመጣ ስለ ሆነ የሚያስወቅስ አይደለም። የእኔ ግን ከትዕቢት ነበር።

ስለዚህ አንድ ማለዳ ወደ ጎረቤቴ ሄጄ ለልጅቱ በእናቷ ፊት እውነቱን ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና «ጋሼ፣ እንግዲያው እርስዎ በግራ እጅዎ ይጫወቱ፤ የቀኙን እኔ እጫወታለሁ» አለችኝ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሁ እናደርጋለን። አንዳንዴ እንሳሳታለን፤ የሳቀውም ልጅ ተመልሶ መጥቷል።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ሽማግሌ ዝም ቢል ዕውቀቱ የደረቀ አይምሰላችሁ። በሩን ሁለተኛ ጊዜ አንኳኩ። ተራው ደርሶ የእናንተም እጅ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ፣ በር ለሚያንኳኳ ልጅ «አሞኛል» አትበሉ።