የማያርፍ ፔዳል

አንባቢ ሆይ፤ ከኦቾሎ አምባ ላይ ቆሜ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል ስመለከት፣ ቢስክሌት የያዘ ሁሉ የሚመኘውን እኔም ተመኘሁ፤ ሳልደክም ቁልቁል መውረድን። ነገር ግን የተዋስኩት ቢስክሌት የኋላ ጥርሱ ከጎማው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ይኸውም ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግር ዕረፍት የለውም ማለት ነው። ፍሬን የሚባል ነገርም አልነበረውም። የእንቅስቃሴን ሕግ በሰሌዳ ላይ የማስተምር እኔ፣ «እግሬ ይበቃኛል» ብዬ ወረድሁ።

በሜዳማ መንገድ፣ የሚዞረውን ፔዳል በእግር እየገቱ ማቆም ይቻላል። በቁልቁለቱ ግን ፍጥነቱ እግሬን ቀደመው፤ ጫማዬ ከለሰለሰው ፔዳል ላይ አመለጠ። እንግዲህ እግሬ ሲያመልጥ ፍሬኔም አብሮ አመለጠ። የሚሽከረከረው ፔዳል ቅልጥሜን እየመታኝ፣ ከመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ ቆምሁ።

እንዲህ ያለ ቢስክሌት የምትነዳ ከሆነ ሁለት ነገር አትርሳ። አንደኛ፤ ፔዳሉ ጫማን የሚይዝ፣ ማሰሪያም ያለው ይሁን፤ ማሰሪያው ግን እንደ በቅሎ እርካብ እግርን ይደግፍ እንጂ፣ በውድቀት ጊዜ አስሮ አያስቀር። ሁለተኛ፤ የፊት ፍሬን ይኑረው። ስንገታ ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚያጋድል የኋላው ጎማ መሬቱን የሚይዝበት ኃይል ይቀንሳል፤ እግር ደግሞ የሚገታው የኋላውን ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 የወጣው ደንብ ለእንዲህ ያለው ቢስክሌት የፊት ፍሬን ግዴታ ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ዛሬ ተማሪዎቼ ስለ ጠባሳዬ ሲጠይቁኝ አልደብቃቸውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ፍሬንም የሚታሰበው አምባው ላይ ሳሉ ነው።