ቅዳሜ ማታ አዝማሪ ቤት

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስትፈቱ፣ እስቲ መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብቅ በሉ። እዚያ ካለው ሙዚየም ባለ 10 አውታሩ በገና፣ ክራርና መሰንቆ ይገኛሉ። ለእኔ ግን መሰንቆን ማየት ብቻ አይበቃኝም። ያለው አንድ ክር ነው፤ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ። ያ ክር እንደ ሰው ሲያንጎራጉር የሚሰማው ማታ፣ አዝማሪ ቤት ነው።

አዝማሪው እየዞረ መጥቶ ፊታችሁ ይቆማል። ወዳጃችሁ ስማችሁን ሹክ ይለዋል፤ ወዲያው መልካችሁን፣ አለባበሳችሁን፣ የልባችሁን ነገር ሳይቀር በግጥም ያወርደዋል። እናንተም ዝም አትበሉ! «ተቀበል» ብላችሁ ስንኝ ስጡት፤ ቃል ሳያዛንፍ በዜማ ይመልስላችኋል። ይህን ጨዋታ ከየትኛውም ትልቅ ኮንሰርት አስበልጠዋለሁ፤ ታዳሚው ራሱ ገጣሚ ነዋ። ሽልማቱን ደግሞ አደራ አትንፈጉት፤ እንጀራው ነው።

እሑድ ለቴአትር ይሁን። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር፣ የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ በ1927 ዓ.ም. ሕዝቡን ለማነቃቃት የተቋቋመ ማኅበር ቤት ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።