ከዴንቨር እስከ ሞዓብ በአሮጌ ላንድ ክሩዘር

ኮሎራዶ የምንኖር አበሾች ተራራውን ከሩቅ እናደንቃለን እንጂ ገብተን አንጎበኘውም። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ላንድ ክሩዘሬን ይዤ ከዴንቨር 350 ማይል ያህል ወደምትርቀው የዩታ ከተማ፣ ወደ ሞዓብ፣ ተጓዝሁ። መኪናዋ በየቀኑ ሥራ የምታደርሰኝ እንጀራዬ ናት። ገደል ላይ ብትሰበር ሰኞ ከሥራ መቅረቴ ነው።

ስለዚህ ከጌጧ በፊት ጤናዋን አስቀደምሁ። ከሞተሩ ኋላ ተደብቃ የምትገኝ አጭር የሙቅ ውኃ ጎማ አለች፤ አርጅታ ከፈነዳች ውኃው ያልቅና ሞተሩ ይቃጠላል። እሷን፣ ራዲያተሩንና ቺንጊያዎቹን ለወጥሁ። ሞላዎቹን 2 ኢንች ብቻ ከፍ በሚያደርጉ የተካሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በጣም የተነሣች መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ትንገዳገዳለች።

የድካሜን ዋጋ ያገኘሁት ከ11,000 ጫማ በላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ስወጣ ነው፤ የሙቀቱ መርፌ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ከሞዓብ አጠገብ ያለው የሻፈር መንገድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ 1,500 ጫማ ያህል ይወርዳል። በ1950ዎቹ ዩራኒየም የጫኑ መኪናዎች ይመላለሱበት ነበር። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ሁኔታውን አይስተውም። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ የሚያምን ሰው፣ ፍሬኑ ግሎ መንገድ ላይ ይከዳዋል። እኔም የጎማዎቹን ነፋስ ከ35 ወደ 20 አጉድዬ፣ በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ ወረድሁ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ለማይታየው ክፍል አውሉት። አስፋልት ላይ ስትመለሱም ነፋሱን ሞልታችሁ ንዱ።